ቁልፉ በአንድ እጅ፣ በሩ ያለ ዘብ

የሕዝብ ሆስፒታል የሕዝብ ንብረት መሆኑን የማያውቅ ነዋሪ በከተማችንም ሆነ በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች አይገኝም። ይሁን እንጂ ይህ ንብረት በማን እጅ እንደሚጠበቅ፣ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው፣ ጠባቂውም የወር ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። መድኃኒት ጠፋ በተባለ ጊዜ ሁላችንም እንቆጣለን፤ ሌባው ተይዞ ለፍርድ ይቅረብ እንላለን። ቁጣው ግን ከሳምንት አያልፍም፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ዕቃ ይጎድላል፤ ሌላ ሰው ይጠረጠራል። ዛሬ በዚህ ዐምድ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ እንግዲህ የሌባውን ሳይሆን የጠባቂውን ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የታመመ ባልደረባችንን ለመጠየቅ ወደ አንድ የወረዳ ሆስፒታል ሄደን ነበር። ስሙን አንጠቅስም፤ በዚያ ያየነው በሌላውም ስለሚገኝ አንዱን ነጥሎ ማሳፈር ፍትሕ አይሆንምና። ባልደረባችን ከተኛበት አልጋ ቀጥሎ አንዲት ገበሬ ሴት ልጃቸውን ያስታምማሉ። ሐኪሙ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና የመርፌ መድኃኒት አዘዘ። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት «አልቋል» አለ። እናቲቱ ወረቀቱን ይዘው ከግቢ ውጭ ወዳለው የግል መድኃኒት ቤት ሄዱ፤ ሲመለሱም ለመሳፈሪያ የያዙት ገንዘብ ማለቁን ነገሩን። በማግሥቱ እንደ ሰማነው ያው መድኃኒት ከአራት ቀን በፊት ከቅርንጫፍ መጋዘን በመኪና ተጭኖ ለሆስፒታሉ ገብቷል። የገባበት ሰነድ አለ። የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ ሰነድ ግን አልተገኘም።

ማታ ከግቢው ስንወጣ በበሩ ላይ ካፖርት ለብሰው ዱላቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ አዛውንት ዘበኛ አገኘን። ሰላምታ ተለዋወጥን። «አባቴ፣ ይህን ሁሉ ግቢ ብቻዎን ነው የሚጠብቁት?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ሻምበል፣ እኔ የምጠብቀው በሩን ነው። ግቢውን እግዚአብሔር ይጠብቀው» አሉን። ቀልድ መስሎን ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። የጥበቃ ሠራተኞቹ በጠቅላላ አምስት መሆናቸውን፣ አንዱ በቀን የደብዳቤ ተላላኪ ሆኖ እንደሚሠራ፣ የኋላው በር ከመሸ በኋላ በሰንሰለት እንደሚታሰር፣ ሰንሰለቱም ሰው ሾልኮ እስኪያልፍ ድረስ የላላ መሆኑን ነገሩን።

በጦር አካዳሚ ለሠለጠነ ሰው ይህ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንድ የጥበቃ ቦታ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ እንዲጠበቅ ከተፈለገ በሳምንት 168 ሰዓት ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሚፈቅደው መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ 39 ነው። 168ን ለ48 ብናካፍል ሦስት ሰው ተኩል፣ ለ39 ብናካፍል ከአራት ሰው በላይ ይወጣል። የዓመት ፈቃድ፣ ሕመም፣ ለቅሶ ሲታከልበት ለአንድ ቦታ ከአራት እስከ አምስት ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ያየነው ሆስፒታል ዋና በር፣ የኋላ በር፣ መጋዘንና ድንገተኛ ክፍል አለው፤ አራት ቦታ። ለእነዚህ በሳምንት 672 ሰዓት ጥበቃ ያስፈልጋል። አምስት ሰው በየሳምንቱ 48 ሰዓት ቢቆም 240 ሰዓት ይሆናል። የቀረው ከስድስት እጅ አራቱ ገደማ ለማን ተተወ? ሽማግሌው መልሱን አስቀድመው ነግረውናል።

በወታደር ቤት ዘብ የሚቆመው ሰው ሁለት ሰዓት ቆሞ አራት ሰዓት ያርፋል፤ የዘብ አለቃ አለው፤ ተረኛ መኮንን በሌሊት ይዞረዋል፤ ሲተካም የተረከበውን ያስረክባል። ይህ ሁሉ የተደነገገው ወታደር ስለማይታመን አይደለም። የደከመ ዓይን እንደማያይ፣ ብቻውን ያለ ሰውም እንደሚፈተን ስለሚታወቅ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት በአንድ ቦታ ያለ ተተኪ ቆሞ የሚያድር ሰው ንብረት ጠፋ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በእኛ ዓይን የሚጠየቀው እሱ ሳይሆን ያቆመው ነው።

በዚህ ላይ ብቻ ብንቆም ግን ጉዳዩን አሳንሰን እናያለን። ከሆስፒታል የሚወጣው ዕቃ አጥር ዘሎ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። አምፖል፣ የቧንቧ ራስ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የብርድ ልብስና የአንሶላ ዓይነት በአጥር ይወጣል። ዋጋ ያለው መድኃኒት ግን በበር ይወጣል፤ ወረቀትም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ከዘበኛው ወደ መጋዘኑ እንግባ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ እንደሚሆን፣ በሞዴል 22 ወጪ እንደሚሆን፣ በየመደርደሪያው ላይም ቢን ካርድ ተንጠልጥሎ ገቢና ወጪው ከቀሪው ጋር እንደሚጻፍ ንብረት ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ አባቶቻችን የሠሩበት፣ በሠራዊቱም የሚታወቅ ነው። ነገር ግን አሠራሩ ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ የሚረከብ፣ የሚመዘግብና የሚቆጥር። በብዙ የጤና ተቋማት እነዚህ ሦስቱ አንድ ሰው ናቸው። ያ አንድ ሰው ዕቃውን ከመኪና ያወርዳል፣ ሞዴል 19 ይቆርጣል፣ ቢን ካርዱን ይሞላል፣ ለየክፍሉ ያድላል፤ በዓመቱ መጨረሻም ራሱ የጻፈውን ራሱ ይቆጥራል። ጐደለ ቢባል ማን ያውቃል? አልጐደለም ቢልስ ማን ይመሰክርለታል? እኛ ይህን ስንል መጋዘን ጠባቂዎችን እየሰደብን አይደለም። ብዙዎቹ በትንሽ ደመወዝ በሚሊዮን የሚቆጠር ንብረት ይዘው በሐቀኝነት የሚያገለግሉ ናቸው። እንዲያውም ቁልፉ በአንድ እጅ መሆኑ ከሌባው ይልቅ ሐቀኛውን ይጎዳል፤ ሌባው አስቀድሞ የሚያመልጥበትን ያዘጋጃል፣ ሐቀኛው ግን ጉድለት በተገኘ ቀን ብቻውን ይቆማል።

ከመጋዘን ከወጣ በኋላ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። ለድንገተኛ ክፍል ወጪ የሆነ መቶ ብልቃጥ በወረቀት መቶ ነው። የሚረከበው ማነው? በሁለት እጇ ሁለት ሕሙማን የያዘች ነርስ ናት። «እዚህ ጋ ፈርሚ» ትባላለች፤ ትፈርማለች። ሰባ ነበረ ወይስ መቶ፣ ያን ጊዜ አልቆጠረችም፤ ለመቁጠር ደቂቃ አልነበራትም፤ የሚቆጥርላት የክፍል ጸሐፊም የለም። እንግዲህ ሠላሳው የት ቀረ ቢባል በሕግ ፊት ተጠያቂዋ እሷ ናት።

ይህን ክፍተት ቀድሞ ለመድፈን የሞከረ ተቋም በሀገራችን መኖሩን መግለጽ ይገባል። የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በ2003 ዓ.ም. ኤ.ፒ.ቲ.ኤስ. በሚል የእንግሊዝኛ ምህጻር የሚታወቀውን፣ ለኦዲት የሚመች የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት አሠራር ከሁሉ ቀድሞ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ወደ ሌሎች ክልሎችና ወደ ፌዴራል ሆስፒታሎች ተስፋፋ። ምስጢሩ ረቂቅ አይደለም። ቀድሞ መድኃኒቱ የሚታወቀው ከመጋዘን እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነበር፤ ማደያ ክፍል ከገባ በኋላ ምን ያህሉ ለሕመምተኛ እንደ ተሰጠ፣ ምን ያህሉ ጊዜው እንዳለፈበት፣ ምን ያህሉ እንደ ጠፋ መለየት አይቻልም ነበር። በአዲሱ አሠራር መድኃኒቱ በቁጥርም በብርም ይመዘገባል፤ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የተሰጠው በደረሰኝ ይያዛል፤ ማዘዣውን የሚመረምረው፣ ገንዘቡን የሚቀበለው፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ይለያያሉ፤ ከኋላቸውም የመድኃኒት ሒሳብ ሠራተኛ ተቀምጦ ሁሉን ያስታርቃል።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ይህ ማሻሻያ ያመጣው አዲስ ማሽን አልነበረም። የጨመረው ገንዘብ ተቀባይና የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ በቢሮ ቋንቋ «ደጋፊ» የሚባሉትን። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ ሲካሄድ ሠራተኛው «ዋና» እና «ደጋፊ» ተብሎ ለሁለት እንደ ተከፈለ የምናስታውስ ብዙ ነን። ቃሉ ከዚያ ወዲህ በአእምሮአችን ውስጥ ሥር ሰደደ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚታጠፈው የደጋፊው መደብ ነው። ሰው ጡረታ ሲወጣ የማይተካው በደጋፊው ክፍል ነው። እኛ ወታደሮች ስንቅና ትጥቅ ክፍሉን «ደጋፊ ነው» ብሎ የሚንቅ አዛዥ ምን እንደሚገጥመው በትምህርትም በሥራም አይተናል።

ሁለተኛው የማሳነሻ መንገድ የኮንትራት ሥራ ነው። የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስልት በ1990 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ በተከተለው ማሻሻያ፣ ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲጠቀሙ፣ በቦርድ እንዲመሩ፣ ከሕክምና ውጭ የሆነውን ሥራ ማለትም ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ልብስ እጥበትና ምግብ ዝግጅትን ለሦስተኛ ወገን በውል እንዲሰጡ ተፈቀደ። ሐሳቡ ያስኬዳል፤ አንዳንድ ሆስፒታል በዚሁ ግቢው ጠርቶ፣ አንሶላው ነጽቶ አይተናል። ግን ውሉ በዝቅተኛ ዋጋ ላሸነፈ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ዋጋው የሚቀነሰው ከማን ላይ ነው? ከባለ ድርጅቱ ትርፍ ላይ እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም። ሆስፒታሉ ለአንድ ዘበኛ የሚከፍለውና ዘበኛው በእጁ የሚገባው ሁለት የተለያየ ገንዘብ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ የደመወዝ መነሻ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲል፣ ይህ እርከን በኤጀንሲ ለተቀጠረው ዘበኛና ጽዳት ሠራተኛ የወጣ አልነበረም። በአንድ በር ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው የኤጀንሲ ሲሆኑ፣ ያንኑ ሥራ እየሠሩ ያንኑ ደመወዝ አያገኙም። በየስድስት ወሩ የሚለዋወጥ ዘበኛ ደግሞ የሐኪሙን ፊት ከሕመምተኛው፣ የአስታማሚውን ከደላላው ለይቶ አያውቅም። ግቢውን የሚያውቅ ዘበኛ ግማሽ አጥር ነው የሚሉ አንድ የቀድሞ ሃምሳ አለቃ እናውቃለን።

በዚህ አጋጣሚ ስለ በር ፍተሻ ሳንናገር ብናልፍ ሐቁን እንደ ሸሸግን ይቆጠራል። በየሆስፒታሉ በር ላይ የሚፈተሸው ማነው? ዘንቢል የያዘች አስታማሚ፣ ባልዲ የያዘች የጽዳት ሠራተኛ። የጽዳት ሠራተኛዋ ማታ ስትወጣ ነጠላዋ ሳይቀር ይገለጣል። መኪና ሲመጣ ግን ሰንሰለቱ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ዘበኛውም እጁን ያነሣል። በካርቶን የሚወጣው መድኃኒት በነጠላ ውስጥ አይደበቅም።

የሌሎችንም ልምድ ማየት ይጠቅማል። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት አሥር የመንግሥት ጤና ተቋማትን መርምሮ፣ ከቀረበላቸው መድኃኒት በዚያው ተቋም ለሕመምተኛ ታዝዞ የተሰጠው ጥቂቱ ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። በዚያው ጥናት ሊኖሩ ከሚገባቸው ሠራተኞች በሥራ ላይ የተገኙት እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ከሥራ ሳምንቱ ከፊሉን ብቻ ነበር የሚገኙት። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጥናት ውስጥ ጎን ለጎን መገኘታቸው በአጋጣሚ አይመስለንም። እ.ኤ.አ. በ2009 የኡጋንዳ መንግሥት በርዕሰ ብሔሩ ጽሕፈት ቤት ሥር የመድኃኒትና የጤና አገልግሎት ተቆጣጣሪ ክፍል አቋቋመ፤ የመንግሥት መድኃኒትም ለሽያጭ እንዳልሆነ የሚገልጽ ምልክት እንዲታተምበት ተደረገ። ምልክቱ የተሰረቀውን በግል መደብር ውስጥ ለማወቅ ይረዳል። ነገር ግን ምልክት ራሱን አያይም፤ መደብር ለመደብር እየዞረ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል። ተመልሶ እዚያው የሰው ቁጥር ላይ ይወድቃል።

የጦርነትን ዝርፊያ ከዚህ ለይተን እናየዋለን፤ ሆኖም ይህ ጋዜጣ በወታደር እጅም ስለሚገባ ዝም ብለን አናልፈውም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው ጊዜ በትግራይ 106 የጤና ተቋማትን ጎብኝቶ፣ 70 በመቶ የሚጠጉት እንደ ተዘረፉ፣ በመደበኛ ሁኔታ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ፣ ከአምስት አንዱም በወታደሮች ተይዞ እንደ ነበር ገልጿል። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር በዘለቀ ጊዜ በዚያ ያሉ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሆስፒታል ደጃፍ ሲደርስ የመጀመሪያው ግዴታው ምን እንደ ሆነ በአካዳሚ ተምረናል፤ ያልተማረም ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይወቀው፤ አልጋውና መርፌው የማንም ወገን ምርኮ አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የጦርነቱ ዝርፊያ ተቆጥሯል፣ ተጽፏል፣ ዓለም ሰምቶታል። በሰላሙ ጊዜ በየወሩ በጥቂት ካርቶን የሚሾልከውን ግን የቆጠረው የለም።

«ዘበኛና ጸሐፊ ከመቅጠር ሐኪምና ነርስ መቅጠር አይሻልም ወይ?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ በጀቱ አንድ ነው፣ ሕመምተኛው ብዙ ነው። ሆኖም ጸሐፊ በሌለበት ክፍል ነርሷ ጸሐፊ ትሆናለች። ተላላኪ በሌለበት መድኃኒት ቤት ባለሙያው ካርቶን ይሸከማል። ልብስ እጥበት ክፍሉ ሰው ባጣ ጊዜ አንሶላ ስትቆጥር የምታረፍደው አዋላጅዋ ናት። ያ ሁሉ የባለሙያ ሰዓት የሚከፈለው በባለሙያ ደመወዝ ነው። ርካሽ የመሰለው ቁጠባ ውድ ሆኖ ይመለሳል።

በሌላ ወገን ደግሞ ብዛት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ሥራ የሌላቸው ሦስት ተላላኪዎች በአንድ ኮሪደር ፀሐይ ሲሞቁ፣ ለሁለት መኪና አራት ሾፌር ሲመደብ ያየንበት መሥሪያ ቤት አለ። በዘመድ የገባ ዘበኛ ዘመዱን አይፈትሽም። ስለዚህ የምንጠይቀው ሰው በጅምላ እንዲቀጠር አይደለም፤ በየቦታው የሚያስፈልገው ሰው በሒሳብ እንዲታወቅ ነው። የሆስፒታሉ ቦርድ ተቀምጦ የጥበቃ ቦታዎቹን ይቁጠር፤ ሰዓቱን ያባዛ፤ ለአንዱ ቦታ የሚሆን ሰው ከሌለው ያን በር ያሽገው እንጂ በላላ ሰንሰለት አያስረው። መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ሰው ይኑረው፤ አደገኛ መድኃኒቶች በድርብ ቁልፍ እንደሚቀመጡ ሁሉ ውድ መድኃኒትም እንዲሁ ይቀመጥ። የሚረከበው የሚቆጥረው አይሁን። ቆጠራው ሐምሌ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ በየወሩ ከሌላ ክፍል የተላከ ሰው፣ ቀኑን ሳያስታውቅ፣ አሥር ዓይነት መድኃኒት ብቻ መርጦ ይቁጠር። በእኛ ቤት ይህ «ድንገተኛ ፍተሻ» ይባላል፤ ወጪውም የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ቀሪው ሥራ የነዋሪው ነው። እንደገና ወደ ኡጋንዳ ብንመለስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ድረስ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከላከው የነፍስ ወከፍ በጀት ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ በጥናት ከታወቀ በኋላ መንግሥት የተላከውን ገንዘብ በየጊዜው በጋዜጣ ያሳትም፣ በየትምህርት ቤቱም ያስለጥፍ ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚደርሰው ገንዘብ ከ80 በመቶ አለፈ። ሌላም እርምጃ አብሮ ተወስዶ ነበር፤ ለውጡን ጋዜጣ ብቻ አመጣው አንልም። ነገር ግን ወላጅ ምን እንደ ተላከ ካላወቀ ምን እንደ ጎደለ ሊያውቅ አይችልም። ያች ገበሬ እናትም መድኃኒቱ ከአራት ቀን በፊት መግባቱን በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢያዩት ወይም ቢነበብላቸው ኖሮ «አልቋል» የሚለውን ቃል ሰምተው ዝም ብለው አይወጡም ነበር።

ይህንኑ ለአዛውንቱ ዘበኛ አንሥተን፣ ዝርዝሩ በበሩ ላይ ቢለጠፍ ማን ያነበዋል ብለን ጠይቀናቸው ነበር። «ሌሊቱ ረጅም ነው፤ እኔ አነበዋለሁ» አሉን።

ስለሆነም የዝግጅት ክፍላችን ከሚቀጥለው ወር አንሥቶ በሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ዐምድ ከፍቷል። በከተማችንና በዙሪያው ያሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በወሩ ውስጥ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ የተረከቧቸውን ዋና ዋና መድኃኒቶች ዓይነትና ብዛት፣ የሞዴል 19 ቁጥሩን ጨምረው፣ ወር በገባ እስከ 25 ቀን ድረስ እንዲልኩልን እንጠይቃለን። የደረሰን ዝርዝር ሳይቀነስ ይወጣል። ያልላከ ተቋም ስምም በዚያው ዐምድ ሥር «አልደረሰንም» ተብሎ ይወጣል።